የሊምሪኳ አልቃሽ፦ የ6 ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ደብሊን

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፤ ሸንገን በሚባለው የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ ግን የለችም። ይህን ያወቅሁት ከፍራንክፈርት ቲኬት ከቆረጥሁ በኋላ ነው። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዴ ደብሊን ላይ ዋጋ የለውም። ሰሜን አየርላንድ ደግሞ በእንግሊዝ ሥር ነው፤ ሌላ ቪዛ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንዲት ዘፋኝ ብዬ ሁለት ቪዛ አወጣሁ። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ሰው ለኢየሩሳሌም እንኳ እንዲህ አይደክምም» አለችኝ።

ዘፋኟ ዶሎሬስ ኦሪዮርዳን ናት፤ የክራንቤሪስ ባንድ ድምፅ። ስሟን ባታስታውሱት ድምጿን ሳታውቁት አትቀሩም። ልጆች ሳለን ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው ያስቀዳው ካሴት ነበረው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ዞንቢ» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባንም ነበር። አዝማቹ ጋ ደርሳ ድምጿ ስብር ሲል እኛ እንጨፍራለን። አንድ ቀን አያቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?» አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን ቁምነገሯን ነበር። ይህንን ጉዞ የወለደው ያ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንሁም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ የሄድሁት ኦኮኔል ጎዳና ላይ ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ነው። ፖስታ ቤት ምን ታደርጊያለሽ ትሉኝ ይሆናል። «ዞምቢ» የተባለው ዘፈኗ ውስጥ 1916 የሚል ዓመት ይጠራል። በዚያ ዓመት የፋሲካ ማግስት አማፂዎች ይህን ሕንፃ ይዘው ሪፐብሊክ አወጁ። 6 ቀን ያህል ተዋግተው እጅ ሰጡ። እንግሊዞች መሪዎቹን ረሸኗቸው፤ መጀመሪያ በአማፂዎቹ የተናደደው የከተማ ሰው ሳይቀር ልቡ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። የፊት ለፊቱ ዓምዶች ላይ የጥይት ምልክት ዛሬም ይታያል። ጣቴን ከትቼ አየሁት። ውስጥ ገብቼ ለእናቴ ፖስት ካርድ ላክሁላት።

ከሰዓት በኋላ ሞኝነቴን አስመሰከርሁ። የመጀመሪያው አልበማቸው ዊንድሚል ሌን በሚባል ስቱዲዮ እንደተቀዳ አነበብሁና ስልኬ ላይ «ዊንድሚል ሌን» ብዬ ጻፍሁ። ወንዙን ተከትዬ በዝናብ 20 ደቂቃ ተጓዝሁ። ያገኘሁት ጠባብ መንገድና የመስታወት ቢሮዎች ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አዘነልኝ። ስቱዲዮው በ1990 ሪንግስኤንድ መንገድ ወደሚባለው ቦታ ተዛውሯል፤ አሮጌው ሕንፃም በ2015 ፈርሷል። ክራንቤሪሶች የቀዱት አዲሱ ቦታ ነው። «አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አለኝ፤ «እዚህ የሚመጣው ግን አብዛኛው ዩቱ የሚባለውን ባንድ ፍለጋ ነው።» ወደ ሪንግስኤንድ ስደርስ መሽቶ ነበር። የሕንፃውን በር አየሁ፤ ፎቶ አነሣሁ፤ ካልሲዬ ረጥቦ ተመለስሁ።

ዓርብ፣ ሊምሪክ

ከደብሊን ሂዩስተን ጣቢያ ጠዋት ባቡር ያዝሁ። ማስጠንቀቂያ ለተከታዮቼ፦ ሊምሪክ ጃንክሽን የሚባለው ጣቢያ ሊምሪክ ውስጥ አይደለም። ሌላ አውራጃ ውስጥ ነው፤ ቲፐሬሪ። እዚያ ወርዳችሁ ባቡር ትቀይራላችሁ። እኔ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ክንዴን ነካ ባያደርጉኝ ኮርክ ከተማ ነበር የምነቃው።

ሊምሪክ የሻነን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሻነን የአየርላንድ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከተማዋ አጠገብ ሰፋ ብሎ፣ ሞላ ብሎ፣ ግራጫ ሆኖ ይሄዳል። ከንጉሥ ጆን ግንብ ፊት ለፊት ድልድዩ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት። ከተማዋ ደብሊንን አትመስልም። ቱሪስት ለማስደሰት አትሽቀዳደምም። ወደድኋት።

አሁን ታሪኩ። በ1989 ኖኤል ሆገንና ማይክ ሆገን የሚባሉ ወንድማማቾች እዚህ ባንድ አቋቋሙ። ኖኤል ጊታር፣ ማይክ ቤዝ፣ ፈርገል ላውለር ድራም። ኒያል ክዊን የሚባል ልጅ ዘፋኝ ነበር። ያኔ አየርላንድ ሥራ የጠፋባት አገር ናት። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ለንደንና አሜሪካ ይነጉድ ነበር። ልጆቹ የባንዳቸውን ስም «ዘ ክራንቤሪ ሶው አስ» አሉት። በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ክራንቤሪ ሶስ»፣ ማለትም ስጎ፣ ይመስላል። የ18 ዓመት ቀልድ ነው። ደግነቱ በኋላ አሳጠሩት።

በ1990 ክዊን ባንዱን ተወ። ሲሄድ ግን አንዲት ልጅ ጠቆማቸው። ዶሎሬስ ገና 18 ዓመቷ ነው። ኪቦርዷን ተሸክማ መጣች። ወንዶቹ ዓይነ አፋሮች፣ እሷም ዓይነ አፋር። ዘፈነችላቸው፤ ተያዩ። ሲለያዩ ኖኤል ግጥም የሌለው ዜማ በካሴት ሰጣት። ቤቷ ሄዳ ግጥሙን ጽፋ መጣች። ያ ዘፈን «ሊንገር» ነው! ሊያውም ገና በመጀመሪያው የቤት ሥራ። ግጥሙ ስለ አንድ ወታደር ነው፤ መጀመሪያ የሳማት ልጅ፤ ከዚያ ትቷት ሌላ ጋር የጨፈረ። የዚያ ልጅ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ስንቱ ሰው ጥሎት የሄደውን ሲረግም ይኖራል። እሷ በገመድ መሣሪያዎች አጅባ ለዓለም ዘፈነችበት።

መጀመሪያ ያባዙት ዲሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ ካሴት 300 ብቻ ነበር። ሊምሪክ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች አስቀመጡት፤ ተሸጦ አለቀ። የለንደን የሙዚቃ ኩባንያዎች ተራኮቱ። በ1991 ግን የመጀመሪያ ዲስካቸው ሲወጣ ጋዜጦች አጣጣሉት። ዶሎሬስ መድረክ ላይ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ትዘፍን ነበር። ሕዝብ ፊት መቆም ያስፈራታል። ማናጀር ቀየሩ፤ ፕሮዲዩሰር ቀየሩ። ስቴፈን ስትሪት መጣና ደብሊን ላይ አልበሙን ቀዳ። በ1993 መጀመሪያ ወጣ፤ በአገር ቤትም በእንግሊዝም ዝም ተባለ። ከዚያ አሜሪካ ሄደው ለሌሎች ባንዶች መክፈቻ ሆነው መጫወት ጀመሩ። የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪ «ሊንገር»ን ደጋግሞ አሳየው። ሰው የመጣው ለዋናው ባንድ ነው፤ ግጥሙን በቃሉ የሚዘፍነው የመክፈቻውን። በ1994 «ሊንገር» የአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ ላይ 8ኛ ደረሰ። ሊምሪክ ልጇን ያወቀችው አሜሪካ ካጨበጨበላት በኋላ ነው። ይኼ እንኳ ለእኛም አዲስ አይደለም።

ማታ ሎረል ሂል የሚባለው ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ሄድሁ። ትምህርቱ በአይሪሽ ቋንቋ የሚሰጥበት የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። በሩ ተዘግቷል። ዝናብ።

ቅዳሜ፣ ባሊብሪከን

ጠዋት ሚልክ ማርኬት የተባለው ገበያ ገብቼ አይብና ዳቦ ገዛሁ። ከዚያ ታክሲ። ዶሎሬስ ያደገችባት ባሊብሪከን ከሊምሪክ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናት፤ ሩቅ አይደለችም። ግን ከተማው ካለቀ በኋላ ሁሉም ነገር ሣር ነው። ሣር፣ ላም፣ የድንጋይ አጥር፣ እንደገና ሣር።

ባለታክሲው 60 ያለፋቸው ሰው ናቸው። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«እዚያም ይሰሟታል?»

«አያቴ ሳትቀር ሰምታታለች» አልኋቸው።

ዝም ብለው ትንሽ ነዱ። «እዚህ ኮከብ አልነበረችም» አሉ በኋላ። «የአይሊን ልጅ ነበረች።»

አይሊን እናቷ ናቸው፤ በትምህርት ቤት ምግብ ሥራ ላይ ነበሩ። አባቷ ተረንስ የእርሻ ሠራተኛ። በ1968 የሞተር ብስክሌት አደጋ ደርሶባቸው አንጎላቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ መሥራት አልቻሉም። ዶሎሬስ የተወለደችው በ1971 ነው። ስለዚህ ጤነኛ አባት አላየችም። 9 ልጆች ተወልደው 2ቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እሷ የመጨረሻዋ ናት። ልጅ ሳለች ቤታቸው ተቃጠለ፤ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ መልሶ አቆማቸው። ይህን ሳነብ «እድር» ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልሁ። ስም አልሰጡትም እንጂ እድር ነው።

ስሟን ደግሞ ስሙት። ዶሎሬስ ማለት ሐዘኖች ማለት ነው። ካቶሊኮች «የሰባቱ ሐዘኖች እመቤት» የሚሏት አለች፤ ሐዘንተኛዋ ማርያም። የተሰየመችው በእሷ ነው። አያቴ ይህንን ሳታውቅ ነበር የጠየቀችው።

የቅዱስ አይልቤ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው የለም። የሻማና የእርጥብ እንጨት ሽታ። ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመዘምራን ዘምራለች፤ ኦርጋንም ተጫውታለች። የቀብሯ ቅዳሴም የተፈጸመው እዚሁ ነው፤ በጃንዋሪ 23 ቀን 2018። የዚያን ዕለት ቅዳሴው ሲጀመር ከጣሊያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ ፓቫሮቲ ጋር በ1995 የዘመረችው «አቬ ማሪያ» ተከፈተ። የገዛ ቀብሯ ላይ ራሷ ዘመረች ማለት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለዚህ ሳስብ ከበድ አለኝ።

አሁን ስለ ድምጿ ልናገር፤ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለእሱ ነው።

የሮክ ጸሐፊዎች ድምጿ በመሀል ስብር የሚለውን ነገር «ዮድል» ይሉታል። ድምፅን ከደረት ወደ ላይ እየገለበጡ መዝፈን ነው፤ የተራራ እረኞች የሚያውቁት። እሷም ከአባቷ እንደተማረችው ተናግራለች። አባቷ የላም ጥሪ የሆነች የአሜሪካ ካውቦይ ዘፈን ይወዱ ነበር፤ ያንን ሲሉ እየሰማች እስክትችለው ሞከረች። መልካም። ግን አየርላንድ ውስጥ ከዚያ የቆየ ነገር አለ። «ኪኒንግ» ይባላል። ቃሉ ከአይሪሽ የመጣ ነው፤ ማልቀስ ማለት ነው። ሰው ሲሞት አልቃሽ ሴቶች ይጠራሉ። ፀጉራቸውን ፈትተው፣ አስከሬኑ አጠገብ ሆነው፣ የሟቹን ዘርና ሙያ እየጠሩ በግጥም ያለቅሳሉ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ለምኑ ላስረዳችሁ? ሙሾ ነው። ቀሳውስት ለብዙ ዘመን ከለከሉት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጠፋ ማለት ይቻላል። የእኛም ካህናት ደረት ምቺዋን ሲገሥጹ ኖረዋል። እኛ ጋ ግን አልቃሽ አልጠፋችም።

ዶሎሬስ አልቃሽ ነኝ አላለችም። እኔ ነኝ የምለው። «ዞምቢ»ን ጊታሩን አንሡለትና ድምጿን ብቻ ስሙ። አዝማቹ ላይ ቃሉን ትሰባብረዋለች፤ አንዱን ቃል ደጋግማ ትወቅጠዋለች። ሙሾ አውራጅ «ወየው፣ ወየው» ስትል እንዲያ ነው የምታደርገው። ቋንቋውን የማታውቅ አያት ከጓዳ ሰምታ ለቅሶ ቤት መሰላት። ከሙዚቃ ተቺዎቹ ይልቅ እሷን አምናለሁ።

መቃብሯ ካሄሬሊ ነው፤ በመኪና ጥቂት ደቂቃ። በ2011 የሞቱት አባቷ እዚያው አርፈዋል፤ አብራቸው ተቀበረች። ባለታክሲው ሜትራቸውን አጥፍተው በር ላይ ጠበቁኝ። አበባ፣ የጊታር መምቻ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ በስፓኒሽ። እኔ ይዤ የመጣሁት ምንም አልነበረም። ከቦርሳዬ የአያቴን የጥጥ ነጠላ ክር አወጣሁና ከአንዱ አበባ ግንድ ጋር አሰርኋት። ቂልነት ነው፤ አውቃለሁ።

«ሂሳብ ስንት ነው?» ስላቸው ባለታክሲው የመሄጃውን ብቻ ተቀበሉኝ።

እሑድ፣ ከሊምሪክ እስከ ቤልፋስት

ጠዋት የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ገባሁ። በጃንዋሪ 2018 አስከሬኗ ለስንብት ያረፈው እዚህ ነው። ሕዝቡ በብርድ ተሰልፎ ተሰናብቷታል።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ። ዝና መጣ፤ ዋጋውም መጣ። በጁላይ 1994 ሆሊክሮስ ገዳም ውስጥ አገባች፤ ባሏ ዶን በርተን የሌላ ባንድ የቱር ማናጀር የነበረ ካናዳዊ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ሁለተኛው አልበም በዓለም 17 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ከዚያ ቱር፣ ቱር፣ ቱር። በ1996 ድካምና ሕመም ተደራርቦ ቀሪውን ቱር ሰረዙ። 3 ልጆች ወለደች። በ2003 ባንዱ አረፈ። በ2007 እና በ2009 ብቻዋን 2 አልበም አወጣች፤ ጥሩ ናቸው፤ ሰው ግን ልብ አላላቸውም። እንደገና ተሰባሰቡ። ትዳሯ በ2014 ፈረሰ። ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለባት ራሷ በግልጽ ተናገረች። በ2017 እዚሁ ሊምሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአየርላንድ ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር የድሮ ዘፈኖቻቸውን በለስላሳው ቀዱ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምሰማው እሱን ነው። ድምጿ ሰክኗል። የሚጮኸው ጊታር የለም፤ ለቅሶው ብቻ ቀርቷል። ቱሩ ግን በጀርባ ሕመሟ ምክንያት ተቋረጠ።

በጃንዋሪ 15 ቀን 2018 ለንደን ሆቴል ውስጥ አረፈች። 46 ዓመቷ ነበር። መርማሪው መጠጥ ጠጥታ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በድንገት መስጠሟን ወሰነ። ለንደን የሄደችው ሌላ ባንድ «ዞምቢ»ን እንደገና ሲሠራ አብራ ልትዘፍንበት ነበር።

ከሞተች በኋላ ኖኤል ጋር የጀመሩት ዲሞ ተገኘ። ድምጿ ተቀድቷል፤ ሙዚቃው አልተሠራም። ወንዶቹ ቤተሰቧን አስፈቅደው፣ ያንኑ ስቴፈን ስትሪትን ጠርተው፣ ያለ እሷ አብረዋት ተጫወቱ። አልበሙ በ2019 ወጣ፤ ባንዱም እዚያ ላይ አበቃ። በእሷ ቦታ ሌላ ዘፋኝ አላስገቡም። ይሄን አከብርላቸዋለሁ።

ከቅዳሴ ስወጣ ልጆች በደጃፉ ጠመዝማዛ ዱላ ይዘው ኳስ ሲመቱ አየሁ። ኸርሊንግ ነው። የእኛን ገና ጨዋታ አስቡ፤ ልክ እንደዚያ፣ ግን ኳሱ በአየር ላይ ይበራል። በኦገስት 2018 ሊምሪክ ከ1973 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ በላች። ደብሊን ያለው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ዘፈኗን «ድሪምስ»ን ከፈተ። ከሞተች ገና 7 ወሯ ነው። ያንን ቪዲዮ ዓይናችሁ ሳይረጥብ ካያችሁት ንገሩኝ።

ቀሪው ቀን ባቡር ነው። ሊምሪክ፣ ደብሊን፣ ቤልፋስት። ድንበር የሚባል ነገር አላየሁም። አንድ ቦታ ላይ ስልኬ «እንኳን ወደ እንግሊዝ በደህና መጡ» አለኝ፤ በቃ። ሁለተኛውን ቪዛዬን የጠየቀኝ የለም። ተናደድሁ ማለት ይቻላል።

ሰኞ፣ ቤልፋስት

የ«ዞምቢ» ክሊፕ የመንገድ ላይ ምስሎች የተቀረጹት እዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ሳሙኤል ቤየር ነው፤ የአሜሪካውን ሮክ ባንድ የኒርቫናን ትልቁን ክሊፕ የሠራው ሰው። ዶሎሬስ ወርቅ ተቀብታ መስቀል ሥር ቆማለች፤ ሕፃናት ብር ተቀብተው ይጮኻሉ። በመሀል እውነተኛ የእንግሊዝ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው መንገድ ላይ ሲሄዱ፣ እውነተኛ ልጆች ፍርስራሽ ላይ ሲጫወቱ ይታያል። ቢቢሲ እንዳለ አላሳይም ብሎ ነበር።

ፎልስ መንገድንና ሻንክል መንገድን በእግሬ ዞርሁ። በአንዱ በኩል ካቶሊኮች፣ በሌላው ፕሮቴስታንቶች። በመሀል ግንብ። የሰላም ግንብ ይሉታል! አንዳንዱ በር ማታ ማታ እስከ ዛሬ ይቆለፋል። ሰሜን አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር ትቆይ ወይስ ከአየርላንድ ጋር ትዋሃድ በሚል የተነሣው ግጭት 30 ዓመት ገደማ ፈጅቶ 3,500 ያህል ሰው በልቷል፤ በኤፕሪል 1998 ስምምነት ተፈረመ። ግድግዳዎቹ ላይ የሞቱ ሰዎች ፊት ተሥሏል። አስጎብኚው የሚሉትን ልሰማ ተጠጋሁ። አንድ ቡድን ጀርመኖች አብረዋቸው ነበሩ። አንዱ ስለ «ዞምቢ» ጠየቃቸው።

«ያንን ዘፈን እዚህ አካባቢ ጮክ ብለህ አታፏጭ» አሉት፤ ግማሹን እየቀለዱ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ዘፈኑ የተወለደው አየርላንዳውያን ታጣቂዎች፣ አይአርኤ፣ እንግሊዝ ውስጥ ባፈነዱት ቦምብ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው «የእኛንም ልጆች ሌላው ወገን ገድሏል፤ ለእነሱ ማን ዘፈነ?» ይላል። በ2023 የአየርላንድ ራግቢ ቡድን ፓሪስ ላይ ደቡብ አፍሪካን 13 ለ 8 ሲያሸንፍ ደጋፊው በአንድ ድምፅ «ዞምቢ»ን ዘመረው። ያኔም ይኸው ክርክር ተነሣ። እሷ ወገን ለይቼ አልዘፈንሁም ትል ነበር። ለሰው ነው የዘፈንሁት፤ ለሞቱት ልጆች።

እኔ በዚህ ላይ አቋሜ እንዲህ ነው። አልቃሽ የለቅሶ ቤቱን ሟች ነው የምታነሣው። የጎረቤቱን ሟች ካላነሣሽ ብሎ የሚቆጣት የለም። ግን ደግሞ እኔ እዚህ ግንብ ሥር አላደግሁም። በፎልስ መንገድ ያደገ ሰው ሌላ ቢለኝ አልከራከረውም።

ዘፈኑን የጻፈችው ብቻዋን ነው፤ ሊምሪክ ባለው ቤቷ፣ በአኮስቲክ ጊታር። ልምምድ ክፍል ስትገባ ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘች። ወንዶቹን ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን፣ አብዙ፣ ድራሙን በኃይል ምቱ አለቻቸው። እስከዚያ ቀን ለስላሳ ባንድ ነበሩ። ኩባንያው እንደ ነጠላ ዜማ እንዲወጣ አልፈለገም ይባላል። ኋላ ማናጀራቸው የሆነው ሰው እንደተናገረው፣ ሌላ ዘፈን እንዲሠሩ የቀረበላትን የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ ቀደደችው። በሴፕቴምበር 1994 ወጣ። አይአርኤ ተኩስ ካቆመ 3 ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። በ2020 ዩቲዩብ ላይ 1 ቢሊዮን ጊዜ ታየ፤ ከአየርላንድ ባንዶች የመጀመሪያው።

ማታ ወደብ ሄድሁ። የሊቨርፑሉ መርከብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። ካቢን አልያዝሁም፤ ውድ ነው። ወንበር ላይ ተኛሁ፤ ተኛሁ ከተባለ። የጭነት መኪና ሹፌሮች ሲያንኮራፉ አደሩ።

ማክሰኞ፣ ዋሪንግተን

ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በርከንሄድ ወረድሁ። ከሊቨርፑል ዋሪንግተን በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የዶሎሬስ አገር አይደለም። እሷ እዚህ አልኖረችም። ግን መነሻው ይኸው ነው።

በማርች 20 ቀን 1993፣ ቅዳሜ፣ የእንግሊዞች የእናቶች ቀን ዋዜማ ነበር። ብሪጅ ስትሪት በገዢ ተጨናንቋል። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተቀበሩ 2 ቦምቦች ፈነዱ። ጆናታን ቦል 3 ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ሞተ። ለእናቱ ካርድ ሊገዛ ነበር የወጣው። ቲም ፓሪ 12 ዓመቱ ነበር፤ ከ5 ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ክራንቤሪሶች በዚያ ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ ቱር ላይ ነበሩ።

ብሪጅ ስትሪት ዛሬ እግረኛ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ነው። ስልክ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የተዘጋ ሱቅ። መታሰቢያው በውኃ የተሠራ ነው፤ «የሕይወት ወንዝ» ይባላል፤ በ1996 የተመረቀ። አጠገቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ማዳመጫዬን አወጣሁ። ስድስት ቀን ሙሉ እዚህ ደርሼ «ዞምቢ»ን ልሰማ ነበር ያሰብሁት።

አንዲት ሴትዮ ዕቃ የሞላ ዘንቢል ይዘው አጠገቤ አረፍ አሉ። ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው።

«እንግዳ ነሽ መሰለኝ» አሉኝ።

«አዎ። ትናንት ቤልፋስት ነበርሁ። ከዚያ በፊት ሊምሪክ።»

«ስለ ዘፈኑ ነው የመጣሽው» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ» አልኋቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፈርሁ።

«ጥሩ ዘፈን ነው ይላሉ። ልጅቷም ደግ ሰው ነበረች ይላሉ። እኔ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ አጠፋዋለሁ።» ዘንቢላቸውን አስተካከሉ። «ያን ቀን እዚህ ነበርሁ።»

ምን እላለሁ? በእኛ አገር «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይባላል። በእንግሊዝኛ የሚመጣልኝ ሁሉ ቀለለብኝ። ዝም አልሁ። እሳቸውም የዝምታውን ነገር አልጠሉትም። አብረን የሚፈሰውን ውኃ አየን።

ትንሽ ቆይተው «ጣቢያው በዚያ በኩል ነው፤ ባቡር እንዳያመልጥሽ» አሉኝና ተነሡ። ማዳመጫዬን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። የማንቸስተሩ ባቡር 11 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።